የማረፊያ ሽፋን

የጓሳ ሜዳ እድር ከቀረቡለት ሁለት ሽፋኖች ግራጫውን የመረጠው በእናኑ ቃል ነው። ይህን ማንም አይክድም። እሷም ክዳ አታውቅም።

ቀኑ እሑድ ነበር፤ ሰዉ ከቅዳሴ ወጥቶ እድሩ ቤት ተሰብስቧል። የኩባንያው ወኪል ከደባርቅ መጥቶ ሁለት አምባር አግዳሚው ላይ አስቀመጠ፤ አንዱ አረንጓዴ፣ አንዱ ግራጫ። ጫማው ስስ፣ ድምፁ ለስላሳ፣ አንድም ሽማግሌ ሳይዘል እየዞረ ሰላም ያለ ጨዋ ልጅ ነው። መንግሥት ገደል ለገባ ሰው ፈላጊ መላክ ከተወ ብዙ ዘመን ሆኖታል። አሁን ደግሞ አምባር የሌለው ሰው ከመንደሩ ጫፍ ካለው ከመጨረሻው መቆጣጠሪያ ምሰሶ እንዳያልፍ ተከልክሏል። ከምሰሶው ወዲያ ደግሞ እርሻው አለ፣ ግጦሹ አለ፣ እንግዳ ይዘው ተራራ የሚያዞሩበት መንገድ አለ። እንግዲህ ወይ መምረጥ ነው፣ ወይ ቤት ቁጭ ብሎ መራብ ነው።

«አረንጓዴው ሕያው ሽፋን ይባላል» አለ ወኪሉ። «ሰው ገደል ቢገባ፣ ጎርፍ ቢወስደው፣ ጭጋግ ቢያጠፋው፣ ማሽናችን በሕይወት ሊያወጣው ይሞክራል። ከአንድ ቤት አንድ ሰው ብቻ ይይዛል።»

«ግራጫውስ?» አለ የእድሩ ዳኛ አቶ ባዩህ።

«ግራጫው ማረፊያ ሽፋን ነው። ሕፃን ሽማግሌ ሳይል የእድሩን ሰው በሙሉ ይይዛል። አባላችን ካረፈ በኋላ፣ የፈለገው ገደል ውስጥ ይሁን፣ አስከሬኑን ለቤተሰቡ ያመጣል። አረንጓዴው እንሞክራለን ይላል፤ ግራጫው ግን እናመጣለን ይላል። ልዩነቱ እሱ ነው።»

ሰዉ ተንጫጫ። ወጣቶቹ አረንጓዴ አሉ። አንዲት እናት ተነሥታ «ከአራቱ ልጆቼ ለየትኛው ላጥልቅለት? እናንተ ምረጡልኝ» አለች። እንዲያም ሆኖ ነገሩ ወደ አረንጓዴው ሊያጋድል ምንም አልቀረውም ነበር፤ እናኑ ባትነሣ።

እናኑ የእድሩ ዕቃ ጠባቂ ናት። ድንኳኑ፣ አግዳሚው፣ ድስቱ ሁሉ እሷ ግቢ ባለው ዕቃ ቤት ነው የሚቀመጠው፤ ቁልፉ ከአንገቷ አይወርድም። ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሚንኳኳው የሷ በር ነው። ባሏ አበጀ የጠፋ በቅሎ ፍለጋ ወጥቶ፣ ጭጋግ ውስጥ ገብቶ፣ በዚያው ቀርቷል። የመንደሩ ወንድ የገደል መውረጃ ጠፍሩን ተሸክሞ ወርዶ፣ ቀናት ፈልጎ፣ ባዶ እጁን ተመልሷል። ይህን የማያውቅ ሰው እድሩ ቤት አልነበረም። ስትቆም ግን እንደ አዲስ አዳመጧት።

«እኔ በሬሳው ፈንታ ሱሪውንና ዱላውን ዘርግቼ ነው ያለቀስኩት» አለች። «በር ሲንኳኳ ዛሬም እደነግጣለሁ፣ እሱ እየመሰለኝ። የተቀበረ ሰው ሞተ ይባላል፤ ያልተቀበረ አይሞትም፣ አይኖርም፣ እንዲሁ ያቃጥላል። እንሞክራለን የሚል ሰው አይቻለሁ። ጎረቤቶቼም ሞክረውልኝ ነበር፤ እግዜር ይስጣቸው። እኔ የምፈልገው እናመጣለን የሚለኝን ነው።»

ሽማግሌዎቹ ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ። አቶ ባዩህም «እድር የቆመው ለቀብር ነው፤ ሌላ ምን አለ» አለና ነገሩ በዚሁ ተቋጨ። ወኪሉ አረንጓዴውን አምባር ኪሱ ከተተ። አይ የእድር ሰው! ሌላ አገር ቢሆን ነፍስን ያስቀድም ነበር ይሆናል። ጡት ከጣለ ጀምሮ ለቀብሩ ሲያዋጣ የኖረ ሕዝብ ግን መኖሩን ለፈጣሪ ትቶ ስለ መቀበሩ ይጨነቃል። ዛሬም የጓሳ ሜዳ ሰው የሚያጠልቀው ግራጫ ነው።

አምባሩ ተለመደ። ምን የማይለመድ አለ? ሰው ከብቱን ነድቶ ሲወጣ ምሰሶው በስሙ ይጠራዋል፤ እሱም ክንዱን ያሳየዋል። ልጅ ሲወለድ ከክርስትናው በፊት አምባር ይታሰርለታል። ሰው ሲሰነባበት «ሽፋንህ አይታጠፍ» ይባባላል። በየቤቱ መደርደሪያ ላይ የመነጋገሪያ ሳጥን አለ። ከሳጥኑ ውስጥ የምትናገረውን መንደርተኛው «ሴትዮዋ» ይላታል፤ ሰው አይደለችም፣ የጎንደር ለዛ ያለው መልካም አነጋገር ግን አላት፣ በዓል ሲሆን እንኳን አደረሳችሁ ትላለች። ማሽኑን ደግሞ «አሞራው» ነው የሚሉት። በፊት በፊት አንዱ ኡኡ ሲል የሰማ ሁሉ የያዘውን ጥሎ ይወጣ ነበር። አሁን ኡኡታ ሲሰማ ሰዉ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ሽፋን አለው?» ብሎ ነው። አለው ከተባለ ወደ ሥራው ይመለሳል።

ሐምሌ ነበር። የእናኑ አንድያ ልጅ ትርንጎ ከአዲስ አበባ የመጣ እንግዳ ይዛ ማለዳ ወጣች። ሥራዋ መንገድ መሪነት ነው። አባቷ በቀረበት ገደል አፋፍ ለአፋፍ ትሄዳለች፤ እናቷ ስትለምናት «እማዬ፣ ገደሉ እኮ እኔን አይፈልገኝም» ብላ ትስቃለች። የአባቷን በርኖስ ደርባ ነበር የወጣችው። አበጀ የጠፋ ቀን ብራ ነው ብሎ ጥሎት የወጣው በርኖስ ነው። እናኑ በርኖሱን ስባ የልጇን አንገት ሥር በእጇ ሸፍና ሸኘቻት።

ረፋዱ ላይ ሳጥኑ ተናገረ።

«እናታችን ወይዘሮ እናኑ፣ እንዴት አደሩ? የቤተሰብዎ አባል ትርንጎ አበጀ ከከፍታ ቦታ ወድቃለች። በአሁኑ ሰዓት በሕይወት ትገኛለች። የማረፊያ ማሽናችን ወደ ስፍራው ተነሥቷል። ዝግጅት እንዲጀመር ለእድርዎ አሳውቀናል።»

እናኑ እጇ ላይ የነበረው ወንፊት ወደቀ። ለቀባሪ አረዱት ይባላል፤ በሰው ሞት ሁሉ ቀድማ የምትሰማ ሴት ይህን ለመረዳት ጊዜ ፈጀባት።

«መልእክት ከትርንጎ» አለች ሴትዮዋ ቀጥላ። ትርንጎ በእጇ ባለች ትንሽ መሣሪያ የጻፈችውን ሴትዮዋ በራሷ ድምፅ ታነባለች፤ አሠራሩ እንዲህ ነው። «እማዬ አለሁ። መንገዱ ከሥራችን ተናደ። ጭኔ ተሰብሯል መሰለኝ። አትደንግጪ።»

የልጇ ቃል በዚያ በለዘበ የባዕድ ድምፅ ሲመጣ እናኑ ወደ ሳጥኑ ተጠጋች። «እንግዳውስ?» ብላ ጠየቀች፤ ሴትዮዋ ቃሏን ላከችላት። መልሱ ወዲያው መጣ።

«እሱን ወሰዱት። አረንጓዴ ነው ያጠለቀው። ገና እግሬን ሳላስር ነው ማሽኑ የደረሰው። እሷም ትውጣ አለ፤ እውነቴን ነው እማዬ፣ እጄን ይዞ ነበር። ማሽኑ እጄን ካልለቀቀ አልነሣም አለው። ከዚያ ለቀቀኝ።»

እናኑ ሳጥኑ ፊት ተንበረከከች። ሽፋኑን ለውጡልኝ አለች፤ ያላትን ሁሉ፣ ቤቷን፣ መሬቷን፣ ራሷን ውሰዱ አለች። ሴትዮዋ እስክትጨርስ ጠብቃ ሰማቻት።

«ይገባናል እናታችን። አደጋ ከደረሰ በኋላ ሽፋን አይለወጥም። የስንብት መልእክት ግን የፈለጉትን ያህል መላክ ይችላሉ፤ ማረፊያ ሽፋን ይህንንም ይጨምራል።»

እናኑ ወጥታ ደጇ ላይ ቆመችና ኡኡ አለች። እንዲህ ያለ ኡኡታ በጓሳ ሜዳ ከተሰማ ቆይቷል። ሰው ወጣ። ግን የወጣው ወደ ገደሉ አልነበረም፤ ወደ እናኑ ቤት ነበር፣ ለእድሩ ጥሪ ቀድሞ ደርሶታልና። አቶ ባዩህ ከፊት ነው። ጥሩምባ ነፊው ጋሼ ስማቸው ከኋላው፣ ጥሩምባውን ጋቢው ውስጥ ደብቆ። አቶ ባዩህ እግሩ ሥር እያየ ተናገረ።

«እናኑ፣ እግዜር ያውቃል ቃሉ ከአፌ አይወጣም። ቁልፉን ስጪን። ዝናም ሳይመጣ ድንኳኑን እንትከለው።»

«ልጄ እኮ በሕይወት አለች።»

«አለች። አለች እኮ አልንሽ።»

«ታዲያ ለማን ነው የምትተክሉት?»

ሁሉም የየራሱን አምባር ይነካካል። ውሉን ያውቁታል፦ ማሽኑ በቆመበት ስፍራ ሌላ ሰው ከተጠጋ አሞራው ትቶ ይመለሳል፤ የእድሩም ሽፋን በሙሉ ይታጠፋል። ሽፋን ከታጠፈ ምሰሶው አያሳልፍም። ነገ ማሳው አለ፣ ከብቱ አለ። ክፉ ሰዎች ስለሆኑ አልነበረም ያቀረቀሩት፤ እናኑም ብትሆን በሌላው ልጅ ይህንኑ ታደርግ ነበር፣ ታውቀዋለች። አውቃውም ቁልፉን ከአንገቷ አውልቃ ወረወረችላቸው።

ያኔ ነው የአበጀ ታናሽ ወንድም እንየው ከሰዉ መሀል የወጣው። አምባሩን ከክንዱ ፈልቅቆ አጥሩ ላይ ሰቀለው።

«ውላችሁ ገደል ይግባ» አለ። «የወንድሜን ልጅ ለአሞራ አልሰጥም። ጠፍር ያለው ያምጣ።»

ሦስት ጎረምሶች ተከተሉት። ሌላው አላገዳቸውም፣ አልመረቃቸውምም። እንየው ወደ እናኑ ተጠግቶ ትከሻዋን ያዘ። «እትዬ፣ ላዩ መንገድ ተንዷል። ምሰሶው በማያየን በታች ዞረን በገደሉ ሥር ነው የምንወጣው፤ ሩቅ ነው። ነገ ሳይነጋ እንደርሳለን። እስከዚያ ሙቀቷን ትያዝ። ድንጋይ ሥር ትግባ፣ በርኖሱን ትጠቅለል፣ እንቅልፍ አይውሰዳት። ይህን ብቻ ንገሪያት። ሌላ ምንም እንዳትነግሪያት።»

«ትደርሳላችሁ?»

«እንደርሳለን አልኩሽ።»

እናኑ የተባለችውን ላከች። መልሱም መጣ። «ድንጋይ ሥር ገብቻለሁ እማዬ። ደረቅ ነው። አሞራው ፊት ለፊቴ አየሩ ላይ ቆሟል። ዝም ብሎ ያየኛል። ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ሲያዩት ሸሹ፣ እኔ ብቻ ቀረሁ ለሱ።»

ግቢው ውስጥ ካስማ ሲመታ ይሰማል። ያን ድንኳን እናኑ በገዛ እጇ ስንቴ ሰፍታዋለች፤ የቱ ጋ እንደተጣፈ ታውቃለች። ከቀትር በኋላ ሰማዩ ጠቆረ፤ በረዶ ጀመረ፣ መጀመሪያ እንደ ሽንብራ፣ ከዚያ እንደ ባቄላ። ድንኳኑ ላይ ሲወርድ ሰው ለሰው መደማመጥ አቃተው። እናኑ ስለ እንየው አሰበች። ያኔም ለአበጀ የወረደው እሱ ነበር። ያኔም እንደርሳለን ብሎ ነበር። በዚህ በረዶ፣ በገደል ሥር፣ በጨለማ፣ በአንድ ጠፍር ይደርሳል ብሎ ማመን አቃታት። አሞራው ግን እዚያው ነው፤ ክንድ ቢዘረጋ በሚነካ ቦታ ቆሟል፣ ቢያነሣት ምሳ ሳይበርድ እዚህ ያደርሳታል። ይህ ሐሳብ አንዴ ከገባባት በኋላ አልወጣ አላት።

«አንቺ» አለች ለሳጥኑ። «መሞቷን በምንድን ነው የሚያውቀው?»

«አምባሩ የልብ ምት ይነግረዋል እናታችን። ምቱ ሲቆም ያነሣል።»

እናኑ ዙሪያዋን አየች፤ ጋሼ ስማቸው ብቻ ነው በሩ ጥግ ተቀምጦ ያለው። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ አምባርሽን አውልቂ በያት፣ ወርውሪው በያት አለች። ከዚያ ራሷ ደነገጠች። ይህችው ሴትዮ አይደለችም እንዴ የምትሰማው?

ሴትዮዋ ግን «የስንብት መልእክት እናደርሳለን እንጂ አናዳምጥም፤ ምስጢርዎ የተጠበቀ ነው» አለችና ላከችው። በዚያው አፏ አንብባው፣ በዚያው አፏ ረሳችው።

«አወለቅሁት» የሚል መልስ መጣ። ቀጥሎም «እማዬ! ወረደ። ወረደ እኮ። እጁን ዘረጋ።» እናኑ ከተቀመጠችበት ተነሣች። «ቆመ። እላዬ ላይ ቆመ። አያነሣኝም።»

«ለምን ቆመ?» አለች እናኑ። «ምቱ የለም። ለምን አያነሣም?»

«ምት ሲጠፋ ማሽኑ የገላ ሙቀት ይለካል። ሙቀቱ ከተኛችበት ድንጋይ ጋር ሲቀራረብ ያነሣል። ይህ የተደረገው ለአባሎቻችን ደኅንነት ነው፤ በስሕተት እንዳይነሡ።» እንዲህም ስትል ጨመረች። «በተጨማሪ እናታችን፣ አራት ሰዎች ከገደሉ ሥር ወደ ስፍራው እየተጠጉ መሆኑን አይተናል። ከደረሱ ማሽናችን ለመመለስ ይገደዳል። ይህ እንዳይሆን እንመኛለን።»

እንግዲህ ነገሩ ይኸው ነው። እናኑ እንየውን ትጠብቅ ወይስ አሞራውን ትጥራ። ሁለቱን አንድ ላይ ማግኘት አይቻልም፤ አንዱ ሲመጣ ሌላው ይሄዳል። እናኑም እንደዚያ እሑድ አሰበች። አንደኛው እሞክራለሁ ይላል። ሁለተኛው አመጣለሁ ብሏል።

ሰው በርዶትም ይተርፋል ብላ ከራሷ ጋር ተከራከረች። ወንዝ የወሰደው ልጅ ወጥቶ፣ ከንፈሩ ጠቁሮ፣ እሳት ዳር ነፍስ ሲዘራ በዓይኗ አይታለች። ምድጃውን እስከ አፉ ሞላችው። ድንጋይ እሳት ውስጥ ከተተች፤ በጨርቅ ጠቅልላ አልጋው ውስጥ ልትቀብረው። ያላትን ብርድ ልብስ ሁሉ እሳቱ ዙሪያ ሰቀለች፣ ወተት ጣደች። ከግድግዳው ወዲያ እድሩ ለቅሶ ያዘጋጃል፤ ከግድግዳው ወዲህ እሷ ልጇን ልትቀበል አልጋ ታሞቃለች። ሁሉ ሲሰናዳ ወደ ሳጥኑ ተመለሰች።

«ትርንጎዬ በያት። በርኖሱን አውልቂው። ከድንጋዩ ሥር ውጪና በረዶው ላይ ተኚ። ሙቀት ካየብሽ አያነሣሽም። ትንሽ ነው የምትታገሺው። እሳት አንድጄ እየጠበቅሁሽ ነው በያት።»

መልሱ ዘገየ።

«አጎቴ ጠብቂ ብሎ የለ እንዴ?»

እናኑ አንድ ፍልጥ ምድጃው ውስጥ ጨመረች። ከዚያ «አባትሽንም እጠብቅ ነበር» አለች። «ላኪው። እንዲያ በያት።»

ጋሼ ስማቸው ከበሩ ጥግ «እናኑ» አለ። እሷ ዞር ብላ አላየችውም። እሱም አልደገመውም፤ ሽማግሌው ነገሩን አልተከተለውም ነበር፣ ስለ ማሽኑ አሠራር የሚያውቀው ነገር የለም።

«እሺ እማዬ» አለች ሴትዮዋ በትርንጎ ቃል። «በርኖሱን አውልቄ አጥፌዋለሁ። ደረቁ ጋ አስቀመጥሁት፣ የአባዬ ነው እንዳይረጥብ።»

ከዚያ በኋላ መልእክቶቹ አጫጭር ሆኑ። ሴትዮዋ ሁሉንም በአንድ ዓይነት ጨዋነት ታነባቸዋለች፣ የበዓል ምኞት የምታነብ ይመስል።

«ወጣሁ። እየተንፏቀቅሁ ነው የወጣሁት።»

«በረዶው ይመታኛል እማዬ።»

«ጽኚ ልጄ፣ ጽኚ እናቴ» ትላለች እናኑ። «ወተት ጥጄልሻለሁ። አልጋሽ ሞቋል።»

«አሞራው ትንሽ ዝቅ አለ።»

«አየሽ? አየሽ እንግዲህ!»

«ጥርሴ መንቀጫቀጩን አልተው አለኝ።»

«ትንሽ ነው የቀረው። ስለኔ ብለሽ።»

ከዚያ ሳጥኑ ዝም አለ። ከውጭ ካስማው ተመትቶ አልቋል፤ በረዶውም አባርቶ ሰዉ ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጧል። እናኑ ድንጋዮቹን ከእሳት አውጥታ አልጋው ውስጥ ከተተች፣ ቀዘቀዙ መስሏት እንደገና አወጣች፣ እንደገና ከተተች። ሳጥኑ ሲናገር እየሮጠች ተመለሰች።

«እማዬ፣ አሁን አልበረደኝም። ሞቀኝ እኮ።»

እናኑ ሳቀች። ከጠዋት ጀምሮ የመጀመሪያዋ ሳቅ ነበረች። ወደ ጋሼ ስማቸው ዞረች። «ሰማህ ጋሼ? ሞቀኝ አለች። እመቤቴ ደረሰችላት፣ አልበረደኝም አለች።»

ጋሼ ስማቸው የደጋ ሰው ነው፤ ዕድሜውን በሙሉ ውርጭ የገደለውን ሰው ሞት ሲለፍፍ ኖሯል። ብርድ ላይ የተኛ ሰው ሞቀኝ ሲል ምን ማለት እንደሆነ ልጅ ሳለ ነው የተማረው። እናኑም ታውቀው ነበር፤ በሌላ ቀን ቢሆን፣ የሌላ ሰው ልጅ ብትሆን። ሽማግሌው ከተቀመጠበት በዝግታ ተነሣ፣ ጋቢውን ገለጠና ጥሩምባውን አወጣ። እናኑ ጥሩምባውን አየችው። ሳቋ ፊቷ ላይ እንዳለ ቀረ።

አሞራው ጀምበር ሳትጠልቅ መጣ። ቃሉን ጠባቂ ነው፤ ድንኳኑ አፍ ላይ፣ ለዚሁ በተዘጋጀው አግዳሚ ላይ፣ አንዲት ፀጉሯ እንኳ ሳትነካ በቀስታ አሳረፋት። አምልጦ የወደቀ ነገር አልነበረም። በግራጫ ጨርቅ ተጠቅልላለች፤ ፊቷ ተሸፍኗል።

እናኑ የሞቀውን ብርድ ልብስ በሁለት እጇ ታቅፋ ሮጠች። ጨርቁን ገለጠችው፣ ልጇን በብርድ ልብሱ ጠቀለለቻት፣ እጇን ማሸት ጀመረች። እግሯን አሸች። ደረቷን አሸች። «ወተቱን አምጡልኝ» አለች፤ አንዲት ጎረቤት አመጣችላት፣ ምን ታድርግ። የጉንጯን በረዶ በትንፋሿ አቀለጠችው። እድሩ በሙሉ ቆሞ ያያል። ማንም ተይ አላላትም። ክንዷ እስኪዝል አሸች፤ ከዛለ በኋላ ግንባሯን ልጇ አንገት ሥር፣ ጠዋት በእጇ የሸፈነችው ቦታ ላይ ደፋች። ያኔ ጋሼ ስማቸው ጥሩምባውን ነፋ።

ቤት ውስጥ ሳጥኑ ብቻውን ይናገር ነበር። «እናታችን ወይዘሮ እናኑ፣ እግዚአብሔር ያጽናዎት። ማረፊያ ሽፋንዎ በገባነው ቃል መሠረት ተፈጽሟል።»

በማግስቱ ረፋድ ቀበሯት። ቀብሩ ያማረ ነበር፤ እድሩ ምንም አላጎደለም። ሴቶቹ እናኑን ከበው አጽናኗት፤ ያጽናኑበትም ቃል ሁሉ እውነት ነበር፣ ክፋቱ እሱ ነው። «እንኳን ለአፈር አበቃሻት» አሏት። «ስንቱ አለ በየገደሉ የቀረ። አንቺስ የለመንሽውን አላሳጣሽም።» እናኑ «አሜን» አለች።

ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ እንየው ድንኳኑ በር ላይ ተቀምጦ አገኙት። ጉልበቱ ተገሽልጧል፣ ጠፍሩ አጠገቡ ተጠቅልሏል፣ በርኖሱ ጭኑ ላይ ነው። ሦስቱ ጎረምሶች አጥሩ ሥር እንቅልፍ ወድቀዋል። የሆነውን ማንም ሳይነግረው፣ ከባዶው ድንጋይና ከታጠፈው በርኖስ ተረድቶታል። ሰዉ ገለል አለላቸው።

እናኑ ፊቱ ቆመች። ልትጠይቀው አልፈለገችም፣ ጠየቀችው።

«ደረሳችሁ?»

«ደረስን እትዬ።»

«መቼ?»

እንየው በርኖሱን በእጁ አሸት አሸት አደረገው። ሊዋሽላት ፈልጎ ነበር፤ ፊቱ ላይ ይታያል። የሚዋሸው ግን አልመጣለትም።

«አልነጋም ነበር» አለ።

በርኖሱን ዘረጋላት። ተቀበለችው፣ ፈታችው፣ ከአንገቱ ጀምራ እስከ ጫፉ በመዳፏ ዳበሰችው። እርጥበት ፈልጋ ገለበጠችውና በውስጡም በኩል ዳበሰችው። ደረቅ ነበር።